ወጌሻና ሐኪም
ዛሬ የጎረቤታችንን ልጅ ልጠይቅ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። የተሰበረ ክንዱን ወጌሻ በቀርከሃና በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ አስሮት ደም መዘዋወሪያ አጥቷል። ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል፤ ሐኪሞቹ እጁን ለማትረፍ እየታገሉ ነው። «እህቴ፣ አባቴን ያዳነው ወጌሻ እኮ ነው» አለችኝ እናቱ። አምናታለሁ፤ ውልምታ አሽተው የሚመልሱ ብልህ እጆች አሉ። ባህላዊ መሆኑ አይደለም የሚያስቆጣኝ። የወባ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒንም መነሻው የቻይና ባህላዊ ሕክምና ነው፤ ግን ተፈትኖ ነው መድኃኒት የሆነው። እ.ኤ.አ. በ1895 አሜሪካ የተጀመረው፣ አከርካሪን በእጅ በመጫን የሚያክመው ካይሮፕራክቲክም ለወገብ ሕመም መጠነኛ እፎይታ ይሰጣል፤ አስም ያድናል ለሚለው ግን በቂ ማስረጃ የለውም።

ወላጆች እባካችሁ! ስብራቱ የታሰረለት ልጅ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ማሰሪያውን አላልታችሁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል አድርሱት።