ሶስት የመቀመጫ አጥንት ያለኝ ሰውዬ

ሳይክል የገዛሁት ለጤና አይደለም፣ እውነቱን ልናገር። ፒያሳ ታክሲ ሰልፍ ላይ በየጠዋቱ ቆሜ ከፊቴ ያለው ሰውዬ ማጅራቱ ላይ ስንት ፀጉር እንዳለው እስካውቅ ድረስ ስለመረረኝ ነው። ከዛ ደሞ በወሩ መጨረሻ እሁድ፣ ያ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ መንገዱ ለመኪና የሚዘጋበት "መንገድ ለሰው" ላይ፣ የእህቴን ልጅ ይዤ መስቀል አደባባይ ሄጄ በኪራይ ሳይክል ሁለት ዙር ዞርኩና "ይሄ ነገር እኮ ይቻላል" አልኩ። ሜዳ ላይ ሁለቴ ዞሮ የቸርችልን ዳገት እወጣለሁ ብሎ ማሰብ ምን ይባላል? እንጃ፣ እኔ ግን አሰብኩት።

ያገለገለች ሳይክል ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰውዬ ቁመቱ ትከሻዬ ጋ ነው የሚደርሰው፣ ይሄ ነገር የሆነ ምልክት ሊሰጠኝ ይገባ ነበር፣ አልሰጠኝም። እንደውም ኮርቻው ላይ ቁጭ ስል ሁለቱም እግሬ መሬት ላይ ልጥፍ ሲል "ልክ ለኔ የተሰራች!" ብዬ ደስ ብሎኝ ብሩን ቆጠርኩ። ኮርቻ የሚባል ነገር ወደ ላይና ወደ ታች እንደሚል ራሱ አላውቅም ነበር በቃ።

ጠዋት ቁልቁል ነው፣ ከማዘጋጃ ቤት በቴዎድሮስ አደባባይ፣ በጥቁር አንበሳ፣ በፖስታ ቤት አድርጎ ቢሮዬ ለገሀር ድረስ ፔዳል ሳልመታ እደርሳለሁ፣ ንጉስ ነኝ። ማታ ሲመለስ ነው ጉዱ። ይሄ ከተማ ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ራሱ እየቆጠበ ነው የሚሰጥህ፣ እኔ ደሞ ጉልበቴ አገጬን ሊመታው እስኪደርስ እየተጣጠፍኩ እየመታሁ ቴዎድሮስ አደባባይ ስደርስ ወርጄ እገፋታለሁ። ማን ማንን እንደሚነዳ ለሚያይ ሰው ግልፅ አይደለም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጉልበቴን ከፊት ለፊት ይወጋኝ ጀመር። ቀጥሎ ወገቤ። ቀጥሎ ደሞ ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ መደንዘዝ ጀመሩ፣ ቢሮ ገብቼ ኪቦርድ ስነካ የሌላ ሰው እጅ የተዋስኩ ነው የሚመስለኝ። ቢሮ ላይ "ኩላሊት ነው" አሉኝ። (እኛ ቢሮ ሁሉ ነገር ኩላሊት ነው፣ ኩላሊት ካልሆነ ጨጓራ ነው።) እማዬ "ብርድ መትቶህ ነው" ብላ ዝንጅብል አፈላችልኝ። የግቢያችን ዘበኛ ደሞ ዝቅ አርጎ "ፀበል ሞክረሃል?" አለኝ። ሳይክሏን የጠረጠረ አንድ ሰው የለም፣ እኔንም ጨምሮ ማለት ነው፣ ስምንት ወር ሙሉ!

በመጨረሻ ጀርመን ያለው ያጎቴ ልጅ ስልክ ላይ ሆኖ "ቆይ ፊቲንግ አስደርገሃል?" አለኝ። ፊቲንግ እኔ የማውቀው የቧንቧ ነው። ሳይክሏ ላይ ምን ቧንቧ አለ ብዬ ግራ ገባኝ። እሱ ግን ሳይክል ለሰውየው እየተለካ ይስተካከላል፣ ልክ እንደ ልብስ ሰፊ፣ እዚህ ሰው ለሱ ብሎ ቀጠሮ ይይዛል ምናምን አለኝ። ጠይቄ አጠያይቄ ስታዲየም አካባቢ አንድ የሳይክል ሱቅ ጓሮ ውስጥ ይሄን የሚሰራ ልጅ አገኘሁ፣ ፊዚዮቴራፒ የተማረ፣ በፊት ደሞ ራሱ ይወዳደር የነበረ። የጠራልኝን ብር ስሰማ ሳይክሏን ስንት እንደገዛኋት ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ከቢሮ በቀጥታ በሙሉ ሱፌ ሄድኩ። ልጁ ከላይ እስከ ታች አየኝና "ብሮ፣ ጠበቅ ያለ ቁምጣ አምጣ ብዬህ አልነበር?" አለኝ። ብሎኝ ነበር፣ እኔ ቀልድ መስሎኝ ነው። "እሺ፣ መጀመሪያ ይሄን እንጨርስ" አለና የፓስታ ካርቶን ቆርጦ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘርግቶ "ቁጭ በልበት፣ ጉልበትህን ከፍ አርግና ጎንበስ በል" አለኝ። ለካ ሰው ሲቀመጥ ክብደቱ የሚያርፈው ሁለት የመቀመጫ አጥንቶች ላይ ነው፣ እነሱ ካርቶኑ ላይ ሁለት ጉድጓድ ይተዋሉ፣ ከመሃል እስከ መሃል ይለካል፣ እሱ ላይ ሁለት ሳንቲሜትር ገደማ ተጨምሮ የኮርቻው ስፋት ይታወቃል። ደስ የሚል ነገር ነው። ተነሳሁ። ልጁ ካርቶኑን አነሳና ወደ ብርሃን አዞረው። ዝም አለ። አሁንም አዞረው።

"ብሮ፣ ሶስት ነው።"

"ምኑ?"

"አጥንትህ።"

በህይወቴ እንደዛ ደንግጬ አላውቅም፣ ይሄው ኩላሊት ሲሉኝ የነበረው አጥንት ሆኖ ተገኘ ብዬ ላብ አጠመቀኝ፣ እናቴን ምን ብዬ ነው የምነግራት፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልገው ይሆን... ልጁ "ኪስህን እስቲ" አለኝ። የኋላ ኪሴ ውስጥ የግቢው ጓንጉል ቁልፍና የቤቱ ቁልፎች አንድ ላይ ታስረው አሉ። "ስምንት ወር ቁልፍ ላይ ተቀምጠህ ነው ስትነዳ የከረምከው?" አለኝ። ጥግ ላይ ጎማ የሚለጥፉት ሽማግሌ መካኒክ ሳቃቸውን በከመነዳሪው ሸፈኑት።

ቁምጣ አዋሰኝ። ቁምጣው የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ ልጅ እያለ የሱ ሳይሆን አይቀርም፣ እኔ ላይ ግን ቀለም የተቀባሁ ነው የሚመስለው። ቀጥሎ የእግር ርዝመት ይለካል፣ ለዚህ ግድግዳ ተደግፈህ ባዶ እግርህን ትቆምና ጠንካራ ሽፋን ያለው መፅሀፍ በጭኖችህ መሃል ወደ ላይ ጥብቅ አርገህ ትይዛለህ፣ ከመፅሀፉ የላይኛው ጫፍ እስከ መሬት ነው ልኩ። መፅሀፍ ስላልነበረ የሱቁን የሂሳብ መዝገብ አመጣ። ያቺን ትልቋን፣ ባለ ጥቁር ሽፋኗን። ያዝኳት። ልጁ ተንበርክኮ ሜትሩን ዘረጋ።

በዚህ ሰአት ነው የክፍል ሀላፊያችን ለልጃቸው ሳይክል ሊገዙ ገብተው፣ ባለሱቁ "ጓሮም አለ፣ ይግቡና ይምረጡ" ብሎ ያስገባቸው።

እንግዲህ ሀገርህ ነው፣ አለቃህ ሲመጡ ዝም ብለህ አትቆምም። ወደ ፊት ሄደህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ በሁለት እጅህ ትጨብጣለህ። እኔ ብንቀሳቀስ መዝገቡ ይወድቃል፣ ባልንቀሳቀስ ብልግና ነው፣ ስለዚህ እዛው ግድግዳዬ ላይ እንደተጣበቅኩ ከወገቤ በላይ ብቻ ጎንበስ ብዬ "እንደምን ዋሉ!" አልኳቸው። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ፣ ቤተሰብ ሰላም ነው?" አሉኝ። "ሰላም ነው፣ እናንተጋስ?" አልኩ። "ተመስገን፣ እናትህ ደህና ናቸው?" "ደህና ናት።" እሳቸው ደሞ ሰላምታ አያሳጥሩም። አይናቸው ከቁምጣዬ ወደ መዝገቡ፣ ከመዝገቡ ወደ ተንበረከከው ልጅ፣ ከዛ ወደ ጣራው ሄደ። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ዞር ብለው "መዝገብ እዚህም ይዘህ መጣህ?" አሉኝ። የሂሳብ ሰራተኛ ነኝ፣ ሳልነግራችሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት አለቀ፣ አፍሬ ስለነበር ብዙም አላስታውሰውም። እግሬ 79 ሳንቲሜትር ወጣ። ይሄን በ0.883 አባዛው አለኝ፣ ስልኩን ሳያወጣ 69.76 አልኩት፣ ይሄ ነው እንግዲህ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሃል እስከ ኮርቻው አናት መሆን ያለበት ርዝመት። የኔ 62 ነበር። ወደ ስምንት ሳንቲሜትር ጉድለት! ቢሮ ቢሆን ኦዲተር ይጠራል። ሳይክሏን የኋላ ጎማዋን በሚይዝ ብረት ላይ አቁሞ፣ ዳሌዬ፣ ጉልበቴና ቁርጭምጭሚቴ ላይ ፕላስተር ለጥፎ እየነዳሁ በስልኩ ከጎን ቀረፀኝ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ነው መታጠፍ ያለበት፣ የኔ 55 አካባቢ ነው፣ ጉልበቴን የወጋኝ እሱ ነው። የኮርቻው አፍንጫም ወደ ታች ደፋ ብሎ ኖሯል፣ ሰውነቴ ወደ ፊት እየተንሸራተተ እጄ ላይ ስለሚወድቅ ነው ጣቴ የሚደነዝዘው። መካኒኩ ይሄን ሁሉ አይተው አይተው "በ1949 ዓ.ም. ገረመው ደንቦባ ሜልቦርን ኦሎምፒክ ሲወዳደር በየትኛው ፕላስተር ነው የተለካው?" አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም።

ልጁ "ጡንቻህ እንዲለምደው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያልን እንጨምረው" አለኝ። እኔ ምን አልኩ? "ሙሉ ብር ከፍዬ ሙሉውን ነው የምወስደው፣ ዛሬውኑ አድርግልኝ።" የራሴ አፍ ነው፣ ማንንም አልከስም።

ሰኞ ጠዋት ቸርችልን ስወርድ አቤት ምቾት! እግሬ ይዘረጋል፣ ጀርባዬ ቀጥ ብሏል፣ ሰዉን ሁሉ ከላይ ነው የማየው፣ ሚኒባስ ውስጥ ያሉት ሳይቀሩ ያሳዝኑኛል። ብሔራዊ ቴአትር ጋ ስደርስ ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ዘረጋ። ፍሬን ያዝኩ። እንደለመድኩት ኮርቻዬ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ሁለቱንም እግሬን አወረድኩ።

መሬቱ የለም።

ሰው በእንዲህ አይነት ሰአት ብዙ ጊዜ አለው። በቀኝ ጣቴ ጫፍ ፈለግኩት፣ የለም፣ በግራ ፈለግኩት፣ የለም፣ ትራፊኩን አየሁት፣ እሱም አየኝ፣ ከዛ እንደተቆረጠ ግንድ ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ አንድ ሊስትሮ ሳጥን ላይ ተጋደምኩ። ጥቁር ቀለሙ ክሬም ሱሪዬ ላይ ተደፋ። "እኔን! እኔን!" ተባለ። አንዷ እናት "ማርያም ማርያም" አሉ። አንዱ ሮጦ መጥቶ "ክብሪት! ክብሪት ጫሩለት!" ብሎ ጮኸ፣ ሌላው እውነት ጭሮ አፍንጫዬ ስር ያዘው። ትራፊኩ ደሞ "በጠዋቱ ጠጥተህ ነው?" አለኝ። "ፊቲንግ አስደርጌ ነው" አልኩት። ለሰዉ ዞሮ "ራሱን መትቶታል" አላቸው።

ለልጁ ደወልኩ። "ሲቆም ምን እንደሚደረግ አልነገርከኝም እኮ!" ስለው "ከኮርቻው ወደ ፊት ወርደህ ነዋ በአንድ እግርህ የምትቆመው፣ ይሄን የማያውቅ ሰው አለ ብዬ ነው?" አለኝ።

አሁን ሁለት ወር ሆነው። ጉልበቴ ተሽሎኛል፣ ጣቶቼ የራሴ ናቸው፣ ማታ ማታ ከቴዎድሮስ አደባባይም በላይ ሳልወርድ እወጣለሁ፣ እማዬ ዝንጅብሉ ነው ትላለች። ቢሮ ሀላፊያችን ፋይል በጠየቁኝ ቁጥር "የት ነው የያዝከው?" ይሉኛል፣ እሱን ለምጄዋለሁ። ከኮርቻ ወርዶ መቆም ግን እስካሁን አልሆነልኝም። ደግነቱ ሊስትሮው ሳጥኑን ወደ መንገዱ ጠርዝ አስጠግቷታል፣ ትራፊኩ ሲያስቆመኝ ኮርቻዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀኝ እግሬን ሳጥኗ ላይ አሳርፋለሁ፣ ቁመቷ ልክ ነው፣ በቀን አስር ብር ነው የሚያስከፍለኝ። እስኪለቀቅ ድረስ ቀኝ ጫማዬን ያብሳል፣ ግራውን እስካሁን አልነካውም፣ መንገዱ ሲከፈት በብሩሹ ሳጥኗን ኳ ያደርጋታል፣ እኔም እሄዳለሁ።