ሐረር፦ የራስ ተፈሪ ቤትና በውስጡ ያሉት መጻሕፍት

ድሬዳዋ ላይ ከአውሮፕላን ስወርድ ሙቀቱ በሩ ላይ ተቀበለኝ። መናኸሪያ ሄጄ የሐረር ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ «አቦ ግቢ፣ አንድ ሰው ነው የቀረው» ብሎ ካስገባኝ በኋላ ሌላ ግማሽ ሰዓት ቆምን። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ። ሐረማያ ላይ ደርቆ የነበረው ሐይቅ መልሶ ውሃ መያዙን በመስኮት አየሁ፤ አወዳይ የጫት ገበያው መንገዱን ሞልቶት ነበር። ከዚያ ሐረር ገባን።

የሄድኩት ለአንድ ቤት ብዬ ነው። እኔ የፒያሳ ልጅ ነኝ። ያደግኩበት ባለ ሰገነት የእንጨት ቤት በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲነሳ አብሮ ፈረሰ፤ አክስቴም ገላን ጉራ ኮንዶሚኒየም ደረሳት። እንጀራዬ ደግሞ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው። አሮጌ ቤት ታደሰና መጽሐፍ ገባበት የሚባል ነገር ከሰማሁ ሄጄ ካላየሁት አያስችለኝም። ሐረር ውስጥ የራስ ተፈሪ ቤት ታድሶ የሸሪፍ ሙዚየም እንደሆነ፣ ውስጡም በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት እንደሞሉት ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

የመጀመሪያው ሌሊት መጥፎ ነበር። ከመናኸሪያው የወሰደኝ ባጃጅ፣ የከተማው ሰው በጥቂት ብር የሚሄድበትን መንገድ 250 ብር አስከፈለኝ። ያወረደኝ ፔንሲዮን አልጋውን 900 ብር አስቀድሞ ተቀበለኝ፤ «ውሃ አለ?» ብዬ ስጠይቅ «ሞልቷል» ተባልኩ። ቧንቧውን ስከፍተው አየር ብቻ ነው የተነፈሰው። ኋላ አንድ ጄሪካን ውሃ መጣልኝ፤ የእሱም ለብቻው ተከፈለ። ጎረቤት ክፍል ያሉት ሰዎች ጫታቸውን ይዘው ገብተዋል፤ ምርቃናው ሲይዛቸው ጨዋታው ወደ ክርክር ተለወጠና እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የእግር ኳስ ዳኛ ሲረግሙ አደሩ። ጠዋት አስቀድሜ የከፈልኩትን የሁለተኛውን ሌሊት ገንዘብ መልሱልኝ ብል እንቢ አሉ። የውሃ ችግር የከተማው ችግር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሐረር ለብዙ ዓመታት የተቸገረችበት ነገር ነው። «ሞልቷል» መባሌ ግን አናደደኝ።

ሻንጣዬን እየጎተትኩ ሸዋ በር ላይ ስደርስ አንዲት እናት ቲማቲም እየመረጡ ነበር። ደማቅ ሻሽ፣ ትከሻቸው ላይ ስስ ነጠላ። ዓይኔን አይተው «ልጄ፣ እንቅልፍ አልተኛሽም እንዴ?» አሉኝ። የደረሰብኝን ነገርኳቸው። «አብሽሪ፣ ቤት አለ» ብለው ቲማቲሙን አስይዘውኝ ቀደሙ። በግንብ የታጠረችውን የአሮጌዋን ከተማ፣ የጀጎልን፣ ጠባብ መንገድ ሁለት ሦስቴ ታጥፈን የእህታቸው ቤት ደረስን። እህታቸው ለእንግዳ የሚያከራዩት ክፍል ነበራቸው። ቀሪዎቹን ቀናት እዚያ ሰነበትኩ፤ ዋጋው ከፔንሲዮኑ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ግን ጠዋት ቡናና ትኩስ ዳቦ አለው፤ ውሃውም በትልልቅ በርሜል ተጠራቅሞ ይጠብቃል።

ስለዚያ ቤት ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ሙዚየሙን የተረዳሁት በእሱ በኩል ነው። የአደሬ (የሐረሪ) ቤት ሳሎን ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ ነደባ ይሏቸዋል። የትኛው ላይ ማን እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፤ እኔም የት መቀመጥ እንዳለብኝ በእጅ ተጠቆምኩ። ወለሉና መደቡ ቀይ ነው። የቤቱ እመቤት ቀዩ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ሲዋጉ ለወደቁት መታሰቢያ ነው ብለው ነገሩኝ። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሸፍኗል፤ ውስጡ ደግሞ ከቤቱ ጋር አብረው የተሠሩ ጉድጓድ መደርደሪያዎች አሉ። ከነሱ ባንዱ፣ እጅ በቀላሉ የማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ ተቀምጧል። የአያታቸው እንደሆነ ነገሩኝ። እኛም ቤት የአያቴ ዳዊት በማኅደሩ እንዳለ ከአልጋዋ ራስጌ ይሰቀል ነበር፤ ሐረር ግን ለመጽሐፉ ቦታ የሚወጣለት ግድግዳው ሲሠራ ነው። መደርደሪያ ሲጎድለኝ ሁሌ ለአስተዳደር ደብዳቤ ለምጽፍ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

በማግስቱ ወደ ሙዚየሙ ስሄድ አንድ ግንበኛ የተሸረፈ የግቢ አጥር ሲጠግን አገኘሁና ቆምኩ። ድንጋዩ ቀለል ያለ፣ ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ የሚያያዘው በጭቃ ነው፤ ከላይ ኖራ ይቀባል። በርሜል ውስጥ የተዘፈዘፈውን ኖራ በእንጨት ሲያማስለው እንደ አጥሚት ወፍሮ ነበር። ለምን ሲሚንቶ እንደማይጠቀም ጠየቅኩት።

«እህቴ፣ ሲሚንቶ ያፍነዋል» አለኝ። «ዝናብ በስንጥቅ ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ ጭቃው ከውስጥ ይሟሟል። ከውጭ ስታይው ደህና ነው፤ አንድ ቀን ግን ግድግዳው ሆዱን ነፍቶ ይወድቃል። ኖራ ያስተነፍሳል።»

ከዚያ ወዲያ በየመንገዱ ዓይኔ ሲሚንቶ ፍለጋ ሆነ። ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ተደክሞበታል፤ የድንጋይ ንጣፉም ለእግር ይመቻል። ሆኖም በሲሚንቶ የተለሰኑ ግድግዳዎች አሁንም አሉ፤ አንዳንዶቹ ላይ ቀለሙ ከታች ጀምሮ ተልጧል። ቸኩሎ ማሳመር አሮጌ ቤትን እንደሚጎዳ ግንበኛው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነግሮኝ ስለነበር እያየሁ አዘንኩ።

የራስ ተፈሪ ቤት በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም ከሚጠራው ከራምቦ ቤት አጠገብ ነው። አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ሲሆን እንጨቱ በህንድ ወግ የተፈለፈለ ነው። ተፈሪ መኮንን በ1903 ዓ.ም. ወይዘሮ መነንን ሲያገቡ የጫጉላ ጊዜያቸውን እዚህ አሳለፉ ይባላል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ኋላ ቤቱ የባህል ሐኪም መኖሪያ ሆኖ እያረጀ ቆየ። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ደግሞ የሐረርን ቅርስ በግላቸው ሲሰበስቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መጽሐፍ፣ ሳንቲም፣ ልብስ፣ ጌጥ፣ የጦር መሣሪያ፣ በካሴት የተቀዳ የድሮ ዘፈን ሳይቀር። መጀመሪያ ያሳዩ የነበረው በገዛ መኖሪያ ቤታቸው ነው። በ1999 ዓ.ም. ግድም ክልሉ የታደሰውን የራስ ተፈሪ ቤት ለስብስቡ ሰጠ። ቤት የሌለው ስብስብና ሰው የሌለው ቤት ተገናኙ ማለት ነው።

ደረጃውን ስወጣ እንጨቱ ጮኸ፤ ደስ አለኝ። እኛ ቤት አምስተኛው ደረጃ እንዲሁ ይጮህ ስለነበር ማታ አምሽቶ የገባ ሁሉ ይታወቅበታል። እድሳቱ ይሄን አለማጥፋቱን ወደድኩት። ጫማ አውልቆ መግባት ግዴታ ነው። ክፍሎቹ አይሰፉም፤ መስታወት ሣጥኖቹ ተጠጋግተዋል፣ ልብሱና የብር ጌጡ ላይ ጎብኚ ይሰበሰባል። እኔ ወደ መጻሕፍቱ አመራሁ።

ከአንድ ሺህ በላይ የእጅ ጽሑፎች እንዳሉ ይነገራል። አብዛኞቹ በዓረብኛ የተጻፉ ናቸው፤ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ ሐረሪኛም አለ። እኔ የለመድኩት የጎንደርና የጎጃም ብራና ነው፤ የፍየልና የበግ ቆዳ፣ ወፍራም፣ የእንጨት ገበታ ያለው። የሐረር ግን ወረቀት ነው። ንግዱ በባሕር በኩል ከውጭ ያመጣው ወረቀት። አስጎብኚው ወጣት ትጋቴን አይቶ ነው መሰል፣ እጄን ታጥቤ እንድመለስ ነገረኝና አንድ የተጎዳ መጽሐፍ አወጣልኝ።

ጠረጴዛው ላይ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፎ አስቀመጠው። ቆዳው ጥቁር ቡናማ ነው፤ መሀሉ ላይ እንደ ለውዝ የሾለ አበባ በማኅተም ተጭኖ ገብቷል፤ ከግራው በኩል ደግሞ እንደ ፖስታ ክዳን የሚታጠፍ ምላስ አለው፣ የገጾቹን ጠርዝ ሸፍኖ ከላይኛው ልባስ ሥር ይገባል። ከከፈተው በኋላ አንዱን ገጽ በሁለት እጁ ደግፎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። ከጽሑፉ ኋላ ሦስት ግማሽ ጨረቃዎች፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተሰልፈው፣ ወረቀቱ ውስጥ ታዩ። የጣሊያን ወረቀት ሠሪዎች ለምሥራቁ ገበያ የሚያደርጉት ምልክት ነው። ጸሐፊው ሐረር ቁጭ ብሎ በቀለሙ ሲጽፍበት፣ ወረቀቱ ባሕር ተሻግሮ፣ ከዚያም በግመል በረሃውን አቋርጦ ነው የመጣው። ብል የበላቸው ቀዳዳዎች በስስ ወረቀትና ከስንዴ በተሠራ ሙጫ ተደፍነዋል፤ ዓይኔን አስጠግቼ ካላየሁ የተጠገነው ከደህናው አይለይም።

«ማነው የጠገነው?» አልኩት።

«እዚሁ ነው። ድሮ የሐረር ድጉሰት፣ መጽሐፍ በቆዳ የመጠረዝ ሙያው፣ የታወቀ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ሙያው ጠፋ። አቶ አብዱላሂ ናቸው መልሰው ያስነሡት።»

መጻሕፍቱ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥተዋል፤ ሰነዱ ቢጎዳ ምስሉ ይተርፋል። ከዚያም ስለ መደርደሪያ ሠላሳ ደቂቃ ያህል አወራን፤ ሌላ ጎብኚ ቢኖር ይሰለቸን ነበር። ወረቀት ከባድ ነው፤ የእንጨት ወለል ባለው ቤት መደርደሪያ ከክፍሉ መሀል ይልቅ ወፍራሙን ግድግዳ ተከትሎ ነው መቆም ያለበት፣ ግን ክረምት ላይ ድንጋዩ እርጥበት ስለሚይዝ ጀርባው ግድግዳውን መንካት የለበትም። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ደግሞ ቆሞ ሳይሆን ተጋድሞ ነው የሚቀመጥ፤ ቢቆም ገጹ በክብደቱ ከድጉሰቱ ይላቀቃል። የመስኮት ብርሃን ቀለም ያደበዝዛል፤ መስኮቱ ግን የቤቱ ውበት ነው፣ አይደፈንም። ስለዚህ መጋረጃ። ለቤቱ የሚጠቅመውና ለመጽሐፉ የሚጠቅመው ሁሌ አንድ አይደለም፤ ሥራው ሁለቱን ማስታረቅ ነው።

ይበልጥ የነካኝ ግን መጻሕፍቱ እንዴት እንደመጡ የነገረኝ ነው። ከየቤቱ ነው የመጡት፤ እኔ ካደርኩበት ቤት ካለው ዓይነት የግድግዳ መደርደሪያ። አያት ሲሞት ልጅ ማንበብ የማይችለው መጽሐፍ ይቀራል፣ ጣራ ያፈሳል፣ ምስጥ ይገባል፣ ቱሪስት ይገዛል። ሰው ያንን አውርዶ ለሙዚየም እንዲሰጥ የሚቀበለውን ማመን አለበት። እድሳቱን በገንዘብ ማሠራት ይቻላል። እነዚህን መደርደሪያዎች የሞላው ግን የሐረር ሰው እምነት ነው፤ ይሄንን በየትኛውም በጀት አይቼ አላውቅም።

የጎደለም አለ። መግለጫ ወረቀቶቹ አጫጭር ናቸው፤ ብዙዎቹ ዕቃዎች ላይ ዘመንና መጡበት የተባለው ቤት የለም። ቁጭ ብሎ የሚነበብበት ሰፊ ጠረጴዛ ቢኖር የሐረር ተማሪ ከቱሪስቱ እኩል ይመጣ ነበር። ለወጣቱ ይሄን ነገርኩት፤ ተቆጥቶ ሳይሆን አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

ራምቦ ቤትንም ገባሁ። ይሄኛውም የህንድ ነጋዴ ቤት ነው፣ ባለ ቀለም መስታወቱና የተሳለው ኮርኒሱ ያምራል። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ከ1880 እስከ 1891 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ወጣ ገባ እያለ ሐረር የኖረ ቢሆንም ቤቱ የተሠራው ከሞተ በኋላ ነው ይባላል። የድሮዋን ሐረር ፎቶዎች ለማየት ብቻ እንኳ መግባት ያዋጣል። ማታ ጅብ ከሰው እጅ ሲበላ አየሁ፣ በመጨረሻው ቀን ከገበያ ቡና ገዛሁ፤ የቤቱ እመቤት ሒሳቤን ሲቀበሉ አንድ ሌሊት ቀንሰው «ያ ፔንሲዮን የበላብሽን ይካስ» አሉኝ። እንቢ ብል አልሰሙኝም።

ድሬዳዋ በረራው ዘግይቶ ስጠብቅ አክስቴ ጋ ደወልኩ። ቤታችን ሲፈርስ የተረፈ አንድ ካርቶን አለ፤ የአባቴ ደብዳቤዎች፣ የቤቱ የድሮ ካርታ፣ የሰፈሩ ፎቶዎች፣ የአያቴ ዳዊት። በረንዳዋ ላይ ነው የተቀመጠው።

«እቴቴ፣ ያ ካርቶን አለ?»

«አለ እንጂ፤ ዝናብ ነካው መሰለኝ ሸቷል። ቁራሌው ሲመጣ ልሰጠው ብዬ ነበር።»

«እንዳትሰጪው! ወደ ቤት አስገቢው፣ ግድግዳ ግን እንዳይነካ። ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«ወዴት ልታደርጊው?»

ፎቶዎቹንና ካርታውን ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወስጄ ይቀበሉኝ እንደሆነ እጠይቃለሁ አልኳት። ዳዊቱን ግን መጀመሪያ ብል እንዳልገባው ገልጬ ማየት እፈልጋለሁ።