የማካሮቭ ካዝና ስትይዙ አፉን እዩት

ጅማ ወደ አጋሮ መውጫ በኩል አንድ የቡና መጋዘን ጥበቃ ላይ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። በእጄ ያለው ፈቃድ ያለው ማካሮቭ ሽጉጥ ነው፣ ከሁለት ካዝና ጋር ነው የተረከብኩት (ካዝና ጥይት ተሞልቶበት እጀታው ውስጥ የሚገባው ነው፣ አንዳንዶቻችሁ ካርታ የምትሉት)። እዚህ ሰው ስለ ሽጉጥ ሲያወራ ራሺያ ነው ቡልጋሪያ ነው ቻይና ነው እያለ ሲከራከር ያመሻል፣ ካዝናውን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም፣ እኔም አላይም ነበር።

የተኩስ ልምምድ የወጣን ቀን በመጀመሪያው ካዝና ስምንቱም ጥይት ያለ ችግር ወጣ። ሁለተኛውን ከተትኩ፣ አራተኛው ላይ ነከሰብኝ (ጥይቱ በትክክል ሳይጎርስ ተቀርቅሮ ቆመ ማለት ነው)፣ አስለቅቄ ቀጠልኩ ሰባተኛው ላይ ደሞ ነከሰ። መጀመሪያ ጥይቱ አርጅቷል አልኩ፣ ከዛ ሽጉጡን ጠረጠርኩት፣ ይሄ ነገር እንዲቀየርልኝ ማመልከቻ ልጽፍ ነው ምናምን ማለት ጀምሬ ነበር። አብሮን የነበረ ጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ አለ፣ ጋሼ ነው የምለው፣ ዝም ብሎ ሁለቱንም ካዝና ተቀበለኝና ታቻቸው ላይ በሚስማር 1 እና 2 ብሎ ጫረባቸው። "በል ተኩስ፣ ሲነክስብህ ቁጥሩን ብቻ ንገረኝ" አለኝ። ሁሌ 2 ነው። ያንኑ ጥይት አውጥቼ 1 ውስጥ ስከተው ይሰራል።

ከዛ ሁለቱን አፍ ለአፍ አርጎ ወደ ብርሃን ያዛቸው። የ2 ቁጥር አንዱ ጠርዝ በጣም ትንሽ ወደ ውጪ ተከፍቷል፣ በአይን ለማየት ራሱ ይከብዳል። አንድ ቀን ሲሚንቶ ላይ ወድቆብኝ ነበር፣ አንስቼ ጠርጌ መልሼ ከተትኩት በቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሽጉጡ በተኮሰ ቁጥር የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ሄዶ ሲመለስ ቀጣዩን ጥይት ከካዝናው ገፍቶ ነው የሚያጎርሰው፣ ስለዚህ የካዝናው ሞላ ጥይቱን ቀድሞ ከፍ አርጎ መጠበቅ አለበት፣ አፉ ላይ ወደ ውስጥ የታጠፉት ሁለቱ ጠርዞች ደሞ በልኩ ይዘው በሰዓቱ መልቀቅ አለባቸው። ጠርዞቹ ከተከፈቱ ጥይቱ አጉል ከፍ ይላል ወይ ሁለት ጥይት ባንዴ ይመጣል። ከጠበቡ ደሞ አይለቁም። በፒንሳ አስተካክላለሁ እንዳትሉ፣ ዛሬ ቢሰራ ነገ በጭንቅ ሰዓት ይከዳችኋል።

የሞላው ድካም በሌላ ይታወቃል። መጨረሻ አካባቢ ያሉት ጥይቶች ላይ መንከስ ይጀምራል፣ ወይ ጥይት ሲያልቅ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ እንደተከፈተ መቆም ሲገባው ይዘጋል፣ ምክንያቱም ማካሮቭ ላይ ብረቱን የሚያስቆመውን መያዣ ወደ ላይ የሚገፋው ካዝናው ውስጥ ሞላው ላይ ተቀምጦ ጥይቶቹን ከስር የሚያነሳው መግፊያ ነው። ሞልቶ ማስቀመጥ ሞላ ይገድላል የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ጥሩ ሞላ ከሆነ ግን የበለጠ የሚያደክመው ተደጋግሞ መሙላትና ማራገፉ ነው።

አዲስ ሲመጣላችሁ ከሽጉጡ ጋር አንድ ሞዴል መሆኑን አረጋግጡ። ማካሮቭ የሚባል ባለ 12ም አለ፣ ፒኤምኤም፣ የሱ ካዝና ጥይቱን በሁለት ረድፍ ስለሚይዝ ሰፊ ነው፣ ለተለመደው ባለ 8 እጀታ አይገባም። ቢቻል የፋብሪካው የራሱ ይሁን። ሌላ አይነት ሽጉጥ ያላችሁ ደሞ የጣሊያኑ መክጋር የሚሰራው ጥሩ ነው፣ ለሽጉጥ ፋብሪካዎች ራሱ ያቀርባል። ባዶውን መግፊያውን በጣት ወደ ታች ጫን አርጉት፣ ሳይያዝ ወርዶ ሳይያዝ መውጣት አለበት። ስትከቱት ቀጭ ብሎ ይያዝ። ከዛ በኋላ ያለው ተኩሶ ማየት ነው፣ ጋሼ ሙሉ ስምንቱን አምስት ስድስት ጊዜ ሳይነክስ ካልጨረሰ አላምነውም ይላል፣ እኔም አሁን እንደሱ ነኝ።

የኛ አገር ክረምት ደሞ ታውቁታላችሁ፣ ዝናቡም እርጥበቱም አያባራም፣ ብረት ቶሎ ይዝጋል። ሰው ዝገት ፈርቶ ካዝናውን በዘይት ይነክረዋል፣ መጋዘን ውስጥ የጀንፈሉ ብናኝ ዘይቱ ላይ ተለጥፎ ጭቃ ይሆናል፣ መግፊያው ይያዛል። ፈታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ በዘይት የነካ ጨርቅ ስስ አርጋችሁ አሳልፉበት፣ በቃ።

ከመፍታታችሁ በፊት ግን አደራ፣ ካዝናው ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ማካሮቭ ካዝና ሳይኖረውም የጎረሰውን ጥይት ይተኩሳል። ካዝናውን አውጡ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙራችሁ አቀባብሉ፣ ውስጡን በአይናችሁም በጣታችሁም እዩ።

2 ቁጥርን ቀይ ቀለም ቀብቼ መልሻለሁ፣ በምትኩ ሌላ ካዝና እንዲሰጠኝ በጽሁፍ ጠይቄያለሁ። እስኪመጣ በ1 ብቻ ነው የማድረው።