ካስማ ብቻውን ያልያዘው ጨርቅ

በአዲስ አበባ፣ ከለገሃር ብዙም በማይርቅ አንድ ሰፊ የመንገድ አካፋይ ላይ፣ በታኅሣሥ ወር ከቀትር በኋላ፣ ከአንድ ችግኝ ሥር የአረም መከላከያ ጨርቅ ተነቅሎ ወጣ። ነፋሱ አንስቶ በሚያልፍ ሚኒባስ የፊት መስታወት ላይ ለጠፈው። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ከኋላው የነበረች ቪትዝ ለጥቂት ዳነች። ረዳቱ ወርዶ ጨርቁን ገፈፈና አካፋዩ ላይ ውሃ ለሚያጠጡት ሠራተኞች «ኧረ ምንጣፋችሁን ሰብስቡ!» ብሎ ወረወረላቸው። ሰው አልተጎዳም፣ መኪናም አልተጋጨም። ምናልባት በዚሁ ምክንያት ሥራውን የያዘው ተቋራጭ ነገሩን በቀላሉ ለማለፍ ፈለገ።

የመጀመሪያው ትእዛዝ «ካስማ ጨምሩ» የሚል ነበር። በእያንዳንዱ ጨርቅ አራት ማዕዘን ላይ አንድ አንድ የዩ ቅርጽ ያለው ካስማ ተመትቷል፤ ፎርማኑ ስምንት እንዲሆን አሰበ።

«ጋሼ፣ ዛሬውኑ አራት አራት እንጨምርበት።»

«ስምንት ብታደርገውም ያው ነው ልጄ» አሉ አዛውንቱ አትክልተኛ። «እስቲ ያቺን በሁለት ጣትህ ሳባት።»

ሳባት፤ ከቅቤ ውስጥ እንደሚወጣ ቢላዋ ወጣች። ቀጣይዋም እንዲሁ።

ምክንያቱ አፈሩ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ባለው የከተማዋ ክፍል ቀይ አፈር ይበዛል፤ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ጥቁሩ መረሬ ይበረታል። የአካፋይ መሙያ አፈር ግን ከየትም ተቆፍሮ ስለሚመጣ ሰፈሩን አይቶ መገመት አይቻልም፤ በእጅ አሽቶ ማየት ይሻላል። የዚህ አካፋይ አፈር መረሬ ነበር። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። ችግኞቹ የተተከሉት ሐምሌ ላይ ነው። ያኔ 15 ሳንቲሜትር የሚረዝመው ካስማ አንዴ ከገባ በጉጠት እንኳ አልነቀል ይል ስለነበር ማንም አልጠረጠረውም። ጥቅምትና ኅዳር ያለ ዝናብ ሲያልፉ ግን ቀድሞ የሚደርቀውና የሚሰነጠቀው ያው ላይኛው 15 ሳንቲሜትር ነው፤ ካስማው ደግሞ ከዚያ በታች ምንም የሚይዘው ነገር የለውም። ስንጥቁም ደካማ ቦታ ስለሚመርጥ የካስማውን ቀዳዳ ተከትሎ ይከፈታል። በክረምት አጥብቆ የያዘ ካስማ በበጋ ይይዛል ብሎ መተማመን እንግዲህ የዋህነት ነው።

ዋናው ጥፋት ግን ካስማው ላይ አልነበረም። የጨርቁ ጠርዝ እንደ ተሰጣ አፈር ላይ መቅረቱ ነው። ጠርዙ ካልተቀበረ በሁለት ካስማ መካከል ያለው ክፍል ለነፋስ በር ይከፍታል፤ ነፋሱ ገብቶ ጨርቁን ከሥር ይነፋውና ጉልበቱ ሁሉ ማዕዘን ላይ ባሉት ካስማዎች ላይ ያርፋል። አካፋይ ላይ ደግሞ ጨርቁን የሚያነሳው የበጋ ነፋስ ብቻ አይደለም። በግራና በቀኝ የሚያልፉት አውቶቡሶችና የጭነት መኪኖች ቀኑን ሙሉ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። በአንድ ጊዜ የሚነቅል ብርቱ ነፋስ አያስፈልግም፤ መወዝወዙ ራሱ የካስማውን ቀዳዳ ቀስ በቀስ ያሰፋዋል።

ሦስተኛው ተጠያቂ የውሃ ቦቴው ነበር። ጊዜ ለመቆጠብ የውሃ ማጠጫው ጎማ በሙሉ ግፊት ግንዱ ሥር ባለው ቀዳዳ ይለቀቃል። ውሃው አፈሩን ከጨርቁ ሥር ይቦረቡራል፣ ጨርቁን ያሳብጣል፣ መውጫ ሲፈልግም ጠርዙን ገፍቶ ይወጣል። ከሁለትና ከሦስት ወር እንዲህ ያለ አጠጣጥ በኋላ ከጨርቁ ሥር ባዶ ዋሻ ይቀራል፤ ካስማው የሚቆመው በአየር ላይ ነው።

የቀሩት ጨርቆች ሲገለጡ ነፋሱ ያላሳየው ሌላ ጉድ ወጣ። አንዳንዱ ጨርቅ መሃሉ ላይ በቢላዋ ትንሽ ተሰንጥቆ ግንዱን እንደ ኮሌታ አንቆት ነበር። በተወዘወዘ ቁጥር የተቆረጠው ጠርዝ ልጡን ፍቆታል፤ ከጨርቁ የተተረተረው ክር ደግሞ ግንዱን ዞሮ ጠልቆበታል። ልጡ ዙሪያውን ከተጎዳ ቅጠል የሠራው ምግብ ወደ ሥር መውረድ አይችልም። ዛፉ ለአንድ ወቅት ለምልሞ ሊታይ ይችላል፤ የሚደርቀው በኋላ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ በውሃ እጥረት ይመካኛል። ከጨርቁ ሥር ሰርዶም ተገኝቷል፤ ነጭ ሆኖ፣ ረዝሞ፣ ወደ መሃሉ ቀዳዳ ሲገሰግስ።

ሰርዶ ባለበት ጨርቅ መዘርጋት ከንቱ ድካም ነው። መጭንና የመሳሰሉትን ከዘር የሚበቅሉ አረሞች ጨለማው ይገድላቸዋል። ሰርዶና ከጎረቤት ሣር ሜዳ የሚሾልከው ኪኩዩ የተባለው ሣር ግን በምድር ውስጥ ባለው ግንዳቸው ስንቅ ስለሚይዙ ብርሃን እስኪያገኙ ይጓዛሉ። ስለዚህ እንደገና ሲሠራ መጀመሪያ አፈሩ እስከ 25 ሳንቲሜትር ተቆፍሮ የሰርዶው ሥር በእጅ ተለቀመ፤ ዛፉ አጠገብ ግን ሥሩ እንዳይቆረጥ በጥንቃቄ ብቻ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት እየጠጣ ተቀመጠ፣ የቀረው ሲያቆጠቁጥ እርሱም ተለቀመ። ተቋራጩን ያማረረው ይህ የሁለት ሳምንት ጥበቃ ነው፤ ሊዘለል የማይገባውም እርሱ ነው።

ጨርቁ ለእያንዳንዱ ዛፍ 1.5 በ1.5 ሜትር ተቆረጠ። ከየጎኑ 15 ሳንቲሜትር ወደ ታች ስለሚቀበር መሬት ላይ የሚቀረው 1.2 በ1.2 ሜትር ነው። ከአንዱ ጎን እኩሌታ እስከ መሃል ይሰነጠቅና መሃሉ ላይ በየአቅጣጫው 20 ሳንቲሜትር የሚሄድ መስቀለኛ ቁርጥ ይደረጋል፤ የመጀመሪያው ስንጥቅ ራሱ የመስቀሉ አንድ ክንድ ይሆናል። በመስቀሉ የሚፈጠሩት አራቱ ጆሮዎች ተቆርጠው አይጣሉም፣ ወደ ሥር ይታጠፋሉ። እንዲህ ሲሆን ጎኑ 28 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ከግንዱ መሃል እስከ ቅርቡ ጠርዝም 14 ሳንቲሜትር ይተርፋል። የታጠፈ ጠርዝ ልጥ አይፍቅም፣ ክርም አይተረተርም። ሌላው የተቆረጠ ጠርዝ በሻማ ወይም በላይተር ነበልባል በትንሹ ይለበለባል፤ ይህ የሚደረገው ከዛፉ ርቆ ነው እንጂ ሥሩ ላይ ተቀምጦ አይደለም። ጥቅሉ 1 ሜትር ስፋት ብቻ ካለው ሁለት ቁራጭ ግንዱ መስመር ላይ በ20 ሳንቲሜትር ደርቦ መሥራት ይቻላል፣ ከጎን እስከ መሃል መሰንጠቅም አያስፈልግም። በቸርችል ጎዳና ዓይነት ተዳፋት ላይ ድርቡ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው የሚዘረጋው፦ የላይኛው ቁራጭ በታችኛው ላይ ይደረባል። ከተገለበጠ ጎርፉ በቀጥታ ሥሩ ይገባል።

ከዚያ ቦዩ። በአራቱም ጎን 15 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ የአንድ አካፋ ስፋት ይቆፈራል። ጨርቁ በቦዩ ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ካስማውም የሚመታው እታች ቦዩ ወለል ላይ ነው። ለመሙያ የተቆፈረው መረሬ ብቻውን ከተመለሰ በበጋ ቦዩን ተከትሎ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ቀይ አሽ ከሚባለው የእሳተ ገሞራ ጠጠር ጋር እኩል ለእኩል ተቀላቅሎ፣ ረጠብ ብሎ፣ በሁለት ዙር ተጠቅጥቆ ገባ። ጭቃ ሆኖ ከገባ ሲደርቅ ይሸሻል። ጨርቁን ከእንግዲህ የሚይዘው ይህ ቦይ ነው፤ ካስማው አፈሩ እስኪረጋ የሚያግዝ ረዳት ብቻ ነው።

ካስማዎቹ ከባለ 6 ሚሊሜትር ፌሮ ተሠሩ፦ እያንዳንዱ እግር 25 ሳንቲሜትር፣ አናቱ 5 ሳንቲሜትር፣ በድምሩ 55። ባለ 12 ሜትር አንድ ዘንግ 21 ካስማ ይወጣዋል፤ ክብደቱ 2.7 ኪሎ ገደማ ነው። ለአንድ ዛፍ ቦዩ ውስጥ በየ40 ሳንቲሜትር 12፣ በአራቱ ጆሮዎች ላይ 4፣ በስንጥቁ ድርብ ላይ 3 ይበቃል። ሁለቱ ተርፈው ጨርቁ የላላበት ቦታ ይገባሉ። በአጭሩ ለአንድ ዛፍ አንድ ዘንግ ነው። የእግሩ ጫፍ በሰያፍ ከተቆረጠ ሲመታ አይጎብጥም። ዝገቱ አያሳስብም፤ እንዲያውም ስለሚያሻክረው አፈሩን የበለጠ ይይዛል።

ጥንቃቄ የሚሻው ከሥሩ ያለው ነው። በኮሪደር ልማት በታደሱት መንገዶች የመብራትና የቴሌ መስመሮች ወደ መሬት ውስጥ ገብተዋል፤ የመንገድ መብራት ምሰሶ የቆመበት አካፋይ ውስጥም ኬብል አለ። ካስማው ቦዩ ወለል ላይ ሲመታ ከመሬት እስከ 40 ሳንቲሜትር ይወርዳል። የመስመሩን ቦታ ከሚያውቀው ክፍል ሳይጠይቁ መዶሻ ማንሳት ከጨርቁ መነቀል የከፋ ገጠመኝ ሊያመጣ ይችላል። ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው በሚሄደው መስመር ላይ ካስማ ጨርሶ ባይመታ ይመረጣል፤ በዚያ በኩል ቦዩ ብቻ ይይዛል።

ለመሸፈኛ ቀይ አሽ 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ተበተነ። 50 በ40 በ18 በሆነው የግንባታ ሳጥን ሁለት ሳጥን፣ ማለትም 72 ሊትር፣ ለአንድ ዛፍ ልክ ይመጣል፤ ግንዱን ግን መንካት የለበትም። አፈሩ አስቀድሞ ከከርብስቶኑ፣ ማለትም ከአካፋዩ ጠርዝ ድንጋይ፣ አናት 8 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ካላለ አሹ በመጀመሪያው ዝናብ አስፋልት ላይ ይፈሳል። ይህ ሽፋን ለጌጥ የሚመስላቸው አሉ። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለች ከተማ ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ ጨርቁ የተሸመነበት የፖሊፕሮፒሊን ክር ራቁቱን ከተተወ፣ በተለይ የፀሐይ መከላከያ ያልገባበት፣ ቶሎ ይደርቅና በእጅ ሲነኩት ይፈረፈራል። ሌላም ጥቅም አለው፦ ብቅ ያለ ካስማ ቆራሌው ዓይን ውስጥ ይገባል። ብረት ብረት ነው፤ ያልታየ ግን አይነቀልም።

ዕቃው ሲገዛም የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው። መርካቶ ጥቁር ፕላስቲክ ተጠይቆ የአረም ጨርቅ ሊሰጥ፣ የአረም ጨርቅ ተጠይቆም ፕላስቲክ ሊሰጥ ይችላል። ፕላስቲክ ውሃም አየርም ስለማያሳልፍ ሥሩን ያፍናል። ትክክለኛው እንደ ማዳበሪያ ከረጢት የተሸመነ ሆኖ በካሬ ሜትር 100 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል፤ ቀስ ብሎ ካለፈ ጨርቅ ነው፣ ከቆመ ይመለስ።

ውሃ ማጠጣቱም ተለወጠ። ከግንዱ አጠገብ፣ ሥሩን ካቀፈው አፈር ዳር፣ 50 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ባለ 50 ሚሊሜትር የፒቪሲ ቱቦ ቀጥ ብሎ ተቀበረ። የታችኛው 30 ሳንቲሜትር በመሰርሰሪያ የተበሳሳ ነው፣ አናቱ ከአሹ ትንሽ ከፍ ብሎ ክዳን አለው። የቦቴው የውሃ ማጠጫ ጎማ ግፊቱ ተቀንሶ በዚያ ይገባል፤ ለአንድ ዛፍ በአንድ ጊዜ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያህል፣ በብርቱ ደረቅ ወቅት እጥፍ። ቱቦ ከሌለ በባልዲ ቀስ ብሎ ማፍሰስ ነው እንጂ ጎማውን ቀዳዳው ላይ መልቀቅ ቀርቷል።

እውነቱን ለመናገር ግቢ ውስጥ፣ አትክልተኛ በየቀኑ በሚያልፍበት ቦታ፣ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም፤ የተቆረጠ ሣርና ቅጠል ጎዝጉዞ በእጅ መንቀል ይበቃል፣ አፈሩም ይለመልማል። ጨርቅ የሚያዋጣው መኪና በሁለት ጎን በሚበርበት አካፋይ ላይ ነው፤ እዚያ አረም ለመንቀል ጎንበስ ያለ ሠራተኛ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው።

ጨርቁ ለዘላለም አይቀመጥም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከበልግ በፊትና መስከረም ላይ፣ አሹ ላይ የሚከማቸው የግንባታ አቧራ በመጥረጊያ መነሳት አለበት፤ አለበለዚያ የንፋስ ዘር እዚያው ላይ በቅሎ ሥሩን በጨርቁ ይሰዳል። ግንዱ ሲወፍር ጆሮዎቹ እንደገና ወደ ውጭ ይታጠፋሉ። በሦስተኛው ዓመት ግድም፣ ዛፉ ጥላ መጣል ሲጀምር፣ ጨርቁ ይነሳል። የዛፉ ቀጫጭን ሥሮች ሽመናው ውስጥ ገብተው ስለሚገኙ በአንድ ጊዜ መጎተት የለበትም፤ ከቦዩ ወደ ግንዱ በመቀስ እየተቆራረጠ፣ ቁራጭ በቁራጭ፣ አፈሩ ረጥቦ ሳለ ይወጣል።