ሰዓቱ ውሃ ይችላል?

ጅማ ውስጥ "የማጠናው የልጆችን እንቅልፍ ነው" ስል ግማሹ ሰው ይስቃል። የቀረው ጠጋ ብሎ "እስቲ እኔም ሰሞኑን ማታ ማታ..." ብሎ የራሱን ይጀምራል። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ወይዘሪት እንቅልፍ ነው የሚሉኝ። ለምጄዋለሁ።

ይህን የምጽፈው ግን አሁንም ትዝ ሲለኝ ስለሚያበግነኝ ነው። ትንሽ ያስቀኛልም።

ጥናቱ የጠዋት ፈረቃና የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎችን እንቅልፍ ማወዳደር ነበር። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንዲተኛ ይመከራል። ጎረምሳ ደግሞ ተፈጥሮው ማምሸት ነው። ሰውነትን "መሽቷል፣ ተኛ" የሚለው ሜላቶኒን በዚያ ዕድሜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ቤተሰብ ስንፍና ይለዋል። የአሜሪካ የሕጻናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ለጎረምሶች ትምህርት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት አይጀመር ያለው ለዚህ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ፈረቃ አለ። ለተመራማሪ ማንም ሳይለፋበት የተዘጋጀ ሙከራ ማለት ነው።

መጠይቁ ላይ "ከሰዓት በኋላ ቡና ትጠጣለህ?" የሚል ጥያቄ ነበረበት። ጅማ ላይ! ልጆቹ ተያይተው ሳቁ። አንዱማ "የማይጠጣ አለ እንዴ?" አለኝ። ጥያቄው ምንም አልለየልንም።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነበር። ልጆቹ እጅ ላይ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ሰዓት አሰርን። ሰዓቱ እንቅልፍን አያይም፤ የሚያውቀው እጅ መንቀሳቀሱን ብቻ ነው። እጁ ጸጥ ካለ ተኝቷል ብለን እንወስዳለን። ግራፉ ላይ ቀኑ ጥቁር በጥቁር ነው፣ ሌሊቱ ባዶ።

የአንድ ሰፈር ልጆች ግራፍ ግን ሌሊቱ መሃል ላይ ጥቁር በጥቁር ነው። 8 ሰዓት ገደማ ይጀምርና 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይጠፋል። የሁሉም በአንድ ሌሊት። በማግስቱ የለም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ይመለሳል።

ይዤ አለቃዬ ጋ ገባሁ።

"ሰዓት ተምታቶባችሁ ነው" አለኝ፣ ወረቀቱን በደንብ ሳያየው። "የኛንና የፈረንጁን ቀላቅላችሁታል።"

"ዶክተር፣ እሱ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር በ6 ሰዓት ይዛነፍ ነበር። የሚተኙበትም የሚነሱበትም ልክ ነው። መሃሉ ነው ግራ ያጋባን።"

"እንግዲያው ዕቃው ነው። ርካሽ ነገር ገዝታችሁ!"

ግዢው ላይ የፈረመው ራሱ ነው። ዝም አልኩ።

"አውጪያቸው" አለኝ።

"የትኞቹን?"

"የሚያስቸግሩትን።"

እሺ ብዬ ወጣሁ። መሥሪያ ቤት የኖረ ሰው እሺ ሁሉ እሺ እንዳልሆነ ያውቃል። በማግስቱ ከሄርማታ ባጃጅ ይዤ ወደዚያ ሰፈር ሄድኩ።

አንዷ ዘጠነኛ ክፍል የምትማር ልጅ ቤት ገባሁ። እሷ ትምህርት ቤት ነበረች። አያቷ በረንዳ ላይ ሰፌድ ይዘው ቡና ይለቅማሉ። ሰላምታው አለቀና ወደ ነገሬ ገባሁ።

"እማማ፣ ልጅቷ ሌሊት ትነሳለች?"

"ትነሳለች እንጂ።"

"ለምን?"

ቀና ብለው መጀመሪያ ጫማዬን፣ ከዚያ ፊቴን አዩ። "አንቺ የት ሰፈር ነው የምትኖሪው?"

ነገርኳቸው።

"እዚያ ቀን ይመጣል?"

"ምኑ?"

"ውሃው ነዋ!"

ተነስተው ጓሮ ወሰዱኝ። ቢጫ ጀሪካኖች በመስመር ተደርድረዋል። ቧንቧው እንደተከፈተ ነው፤ ሥሩ አንድ የቆርቆሮ ባልዲ ተደፍቶ ተቀምጧል። ለምን እንደተደፋ ስጠይቃቸው በልጅነቴ አዘኑ። ውሃው ሲመጣ የባልዲው ቂጥ ላይ ይንኳኳል። ልጅቷ በዚያ ድምፅ ትነቃለች። ከዚያ ባልዲው ይነሳል፣ ጀሪካን ይገባል። የጎረቤቶቹም ልጆች እንደዚያው።

"በርሜል አድርጋችሁ ጎማ ብታስገቡበት እኮ እየተኛችም ይሞላል" አልኳቸው።

"ግዢልኝ" አሉኝ።

ወሬ ልቀይር ስል እሳቸው ቀደሙኝ። "እኔም የምጠይቅሽ አለኝ። ያ ሰዓት ውሃ ይችላል? ይበላሽብኛል ብላ በፌስታል ጠቅልላው ነው የምትቀዳው።"

"ይችላል እማማ፣ አይበላሽም።"

"ውሃው ሊመጣ ሲልስ ይናገራል?"

"አይ፣ አይናገርም።"

"ታዲያ ምን ይሰራል?"

ፕሮፖዛሉን ስናቀርብ ከገምጋሚዎቹ አንዱም እንዲህ አላፋጠጠኝም። እንቅስቃሴ ይለካል፣ ምናምን ብዬ ጀመርኩ። እሳቸው ወደ ቡናቸው ተመልሰዋል።

መጠይቁ ላይ ይቺ ልጅ 4 ሰዓት ተኝታ ጠዋት 12 ሰዓት ትነሳለች። 8 ሰዓት ሞላ። ወረቀት ላይ እሰየው የምትባል ናት። ሌሊቱ ለሁለት መቆረጡን የያዘው ያ "ርካሽ" ሰዓት ብቻ ነው። የሚያስቸግሩትን አውጥቼ ቢሆን ኖሮ የዚያ ሰፈር ልጆች መጠይቃቸው ብቻ ይቀርና "እንቅልፋቸው ጥሩ ነው" ብለን እንጽፍ ነበር።

የዚህ ሙያ ስመ ጥሯ ሜሪ ካርስካደን እ.ኤ.አ. በ1976 ስታንፎርድ ላይ የክረምት የእንቅልፍ ካምፕ ጀምራ ነበር። ልጆቹን ለ10 ሰዓት አልጋ ላይ አድርጋ ስትለካ፣ ጎረምሶቹም እንደ ትንንሾቹ 9 ሰዓት ያህል እንደሚተኙ አገኘች። ጎረምሳ ትንሽ እንቅልፍ ይበቃዋል የሚለው ወሬ እዚያ ላይ ወደቀ። እኔ በእሷ ሥራ እምላለሁ። ግን ካምፕ ውስጥ ሌሊት ጀሪካን የሚሞላ የለም።

ሪፖርቱን ሳስገባ አለቃዬ አገላብጦ አየውና "ጠርጥሬ ነበር እኮ" አለ። አልመለስኩለትም። ጽሑፉ ላይ ነገሩ "አካባቢያዊ ምክንያት" ተብሎ በአንዲት መስመር ገባ።

በቀደም ለአዳዲስ ዳታ ሰብሳቢዎች ስልጠና ሰጠ። እኔ ኋላ ተቀምጫለሁ። "አንድ ቁጥር ከሌሎቹ ስለወጣ ብቻ እንዳትሰርዙ!" አለ በቁጣ። ምሳሌም አመጣ። ሰዓቱ፣ ሌሊት 8 ሰዓቱ፣ የተደፋው ባልዲ ሳይቀር። "እኔ ግራፉን እንዳየሁ ውሃ ነው አልኩ።" ሰልጣኞቹ በአድናቆት ጻፉ። አጠገቤ ያለችው ባልደረባዬ እግሬን ረገጠችኝ።

አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "ልጆቹን ታዲያ ምን ብላችሁ መከራችኋቸው?"

አለቃዬ ወደ እኔ ጠቆመ። "እሱን እሷ ትመልስልሃለች።"

"በርሜል እንዲገዙ" አልኩ።

"ገዙ?"

አለቃዬ ሰዓቱን አየና ሻይ ቀርቧል አለ።