የቁልፍ ቀዳዳው ቀዶ ጥገና

«ቀዶ ጥገናውን በቁልፍ ቀዳዳ ነው የምንሠራው» አለኝ ሐኪሙ። አለኝ ማለቴ፣ አስተርጓሚዋ በስልክ እንዲያ ብላ ነገረችኝ። አይቻት አላውቅም፤ ድምጿ የእናቴን እኩያ ይመስላል። «የምን ቁልፍ?» አልኩ። እሷም ግራ ገብቷት መልሳ ጠየቀችው። ሳቀና ወረቀት ላይ ሆድ ሥሎ አምስት ነጥብ አደረገበት። በአንዱ ካሜራ ይገባል፣ በሌሎቹ ቀጫጭን መሣሪያዎች። ላፓሮስኮፒ የሚሉት ይሄንን ነው።

ካንሰሩ በትልቁ አንጀቴ ቀኝ በኩል ነበር። ለወራት ሲደክመኝ ሁለት ሥራ ስለምሠራ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ለካ ቀስ እያለ ደም ሲፈሰኝ ኖሯል።

ከማደንዘዣው ስነቃ ከሆዴ ይልቅ ትከሻዬ አመመኝ። ልቤ ነው ብዬ ክው አልኩ። አይደለም። ለካሜራው ቦታ እንዲኖር ሆድን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፉታል። የቀረው ጋዝ ድያፍራምን፣ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ ሲነካካ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ነርሷ ደግሞ በዚያው ቀን ተነስ፣ ተራመድ!

ጠዋት ጠዋት ሐኪሙ አንድ ጥያቄ አለው። አስተርጓሚዋ ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች። «ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝና... አየር ወጥቷል ወይ ይሉሃል።» አንጀት ሥራ መጀመሩ አንዱ የሚታወቀው በዚያ ነው። በሦስተኛው ቀን «ወጥቷል» ስላት እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ጠባሳው ግን ሰው ያታልላል። ትልቁ አምስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ የተቆረጠው አንጀት የወጣው በእሱ ነው፣ በቁልፍ ቀዳዳማ አይወጣም። ውስጡ የተሠራው ሥራ ሆድ በሰፊው ቢከፈትም ያው ነው፦ አንጀቱ በዙሪያው ካሉት ሊምፍ እጢዎች፣ ካንሰር ሊዛመትባቸው ከሚችሉት ትናንሽ እጢዎች፣ ጋር ተቆርጦ፣ ሁለቱ ጫፎች ተገጣጥመው። መገጣጠሚያው እንዳያፈስ ነው የሚፈራው። እኔ ግን ከባድ ነገር እንዳላነሳ እየተነገረኝ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ ሥራ ገባሁ። አለቃዬ ሆዴን አይቶ «ይቺው ናት?» አለ። ሦስተኛውን ካርቶን ሳነሳ መሬት ቁጭ አልኩ። ሞኙ እኔው ነኝ።

የውጤቱ ቀን ስልኩ ላይ ያው ድምፅ መጣ። ቢያንስ 12 ሊምፍ እጢ መመርመር አለበት፤ የኔ ከዚያ በላይ ታይቶ አንዱም ጋ ካንሰሩ አልደረሰም። ኬሞ፣ የካንሰር መድኃኒቱ፣ አያስፈልግህም አለኝ ሐኪሙ።

ተርጉማ ጨርሳ ዝም አለች። አስተርጓሚ የራሱን ጥያቄ አይጠይቅም፣ ደንብ ነው። እሷ ጠየቀችኝ።

«እናትህ ያውቃሉ?»

«አታውቅም።»

«በል ዛሬውኑ ደውልላቸው።»

ሐኪሙ ምን እየተባባልን እንደሆነ እንድትተረጉምለት ይጠብቃል።