ውሃ ነው ብዬ የናቅኩት ኮፐር

ጅማ ሂርማታ ፍሪጅ ጥገና ነው የምሰራው። ባለፈው አንድ ልጅ መጥቶ "ጋሼ 10 ሜትር ኮፐር እንደ ስፕሪንግ ይጠቀልሉልኛል?" አለኝ፣ ለምንህ ብለው ለካ ቤቱ ቢራ ይጠምቃል። 20 ሊትር የብቅል ውሃ (ዎርት ነው የሚሉት) ከሆፕስ ጋር፣ የፈረንጅ ጌሾ በሉት፣ አንድ ሰዓት ያፈላና ቶሎ ወደ 20 ዲግሪ ማውረድ አለበት። ትኩሱ ላይ ከጨመረው እርሾው ይሞታል፣ በራሱ ይብረድ ብሎ ቢያሳድረው ደሞ ለብ ሲል ባክቴሪያው ቀድሞ ይገባል። እስካሁን ድስቱን ሳፋ ውስጥ እየነከረ ውሃ ሲቀያይር ነው የሚያመሸው፣ በረዶ እንዳይል መብራቱን ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ ልቡ የሄደው ፕሌት የሚባለው ማቀዝቀዣ ላይ ነበር፣ ዎርቱና ቀዝቃዛው ውሃ በተደራረቡ ስስ ብረቶች መሃል ሳይነካኩ የሚያልፉበት። እሱማ ፈጣን ነው ግን ጠባብ ነው፣ የሆፕስ ቅሪት ውስጡ ከተሰነቀረ ተፈቶ አይታጠብ፣ እኔ በስራዬ የተደፈነ ነገር ስጠርግ ነው ያረጀሁት። ኮፐር ግን ድስቱ ውስጥ ትነክረዋለህ፣ በውስጡ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው የሚያልፈው፣ ስትጨርስ ከላይ አጥበህ ትሰቅለዋለህ አልኩት። ከአሮጌ ፍሪጅ የተነቀለ ርካሽ ነበረኝ፣ የኮምፕረሰር ዘይት ስላለበት እምቢ ብዬ አዲስ ገዛን። እንዳይጨማደድ ደቃቅ ጨው ሞልቼ ሲሊንደር ላይ ጠቀለልኩት፣ አምሮ ወጣ፣ እንዲያውም ፎቶ አነሳሁት።

ከሶስት ሳምንት በኋላ በጠርሙስ ይዞ መጣ። "ይቅመሱት ጋሼ።" የከረመ ጠላ ሆኗል፣ ኮምጣጤ!

ቤቱ ሄጄ ውሃውን ስከፍተው ጥፋቱ የኔ ሆኖ አገኘሁት። የቱቦውን ጫፎች ልክ ድስቱ አፍ ላይ ነው የቆረጥኳቸው፣ ጎማውን በፋሸታ አስሬዋለሁ፣ እንፋሎቱ ጎማውን ሲያለሰልሰው ፋሸታው ይላላና ያልፈላ የቧንቧ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ቢራው ውስጥ ይገባል። ጋዝ ቢሆን በሳሙና አረፋ ሶስቴ ሳልፈትሽ አልሰጥም ነበር፣ ይሄ ግን ውሃ ነው ብዬ ናቅኩት።

ገንዘብ ሳልቀበል ጫፎቹን በተጨማሪ ኮፐር በየድ አርጌ ከድስቱ ውጪ ወደ ታች አጠፍኳቸው፣ ቢያፈስም መሬት ላይ ነው። በሚቀጥለው ጥመቃ እኔም ተገኘሁ። ኮፐሩን አጥበን እሳቱ ሊጠፋ 15 ደቂቃ ሲቀር ከተትነው፣ እዛው ተቀቀለ። ጅማ ከፍታዋ ስለሆነ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ከዛ መውረድ ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ፀሀይ ሲመታው ስለዋለ ለብ ያለ ነው የሚሰጠው፣ በጠዋቱ የቧንቧ ውሃ ይሻላል ብዬው ነበር፣ እውነትም። ዝም ብሎ ሲቀመጥ ቱቦው ዙሪያ ብቻ ይበርዳል፣ ኮፐሩን ስንወዘውዘው ግን ቴርሞሜትሩ ቁልቁል ሮጠ፣ ግማሽ ሰዓትም አልፈጀ።

መጀመሪያ የወጣውን ፍል ውሃ እናትየው በባልዲ ተቀብለው ልብስ ዘፈዘፉበት፣ ቢራውንስ አይቀምሱም።